አዲሱ ሞላ
መካኒኩ ዕድሜውን የፈጀው ከሰው መኪና ሥር ተጋድሞ ሞላና ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተር ሲቀይር ነው፤ የራሱ አሮጌ መኪና ግን ከጋሪ አትሻልም ነበር። ካንሰር አጥንቷን የበላባት ሚስቱ ወደ ሆስፒታል በሄዱ ቁጥር፣ መንገዱ ላይ ካለው ትልቅ ጉድጓድ ሲገቡ «ኧረ ገደልከኝ!» እያለች ትጮህ ነበር። አንጀቱ አልችል ቢለው አራቱንም ሞላ ከነአሞርዛተሩ በአዲስ ቀየረ።

በማግስቱ ከኋላ አስተኝቷት ወጣ። መኪናዋ መንገዱን ቆንጥጣ ይዛ ኩርባውን ሳትወዛወዝ ዞረች። ያንን የተረገመ ጉድጓድ ጥርሱን ነክሶ ገባበት፤ ሚስቱ ትንፍሽ አላለችም።

«አየሽ የኔ እናት፣ ምን አልኩሽ!» አለ ደስ ብሎት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ የሚስቱን አንገት ዳበሰችና፣ «አባባ፣ እማማ ዝም ካሉ ቆዩ?» ብላ ጠየቀችው።

እሱ ሞኙ፣ መንገዱን ሁሉ ሞላውን ሲያሞግስ ነው የመጣው።