ከሕፃኑ አንገት ሥር ያወጣኋት ካርታ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በግንቦቱ ሙቀት ነው። ዛሬም በር በኃይል ሲንኳኳ እጄ ስለሚቀዘቅዝ ልረሳው አልቻልኩም።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ፊት ማውራት አልችልም። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ፣ «ከሰው ትግባቢበታለሽ» ብሎ አንድ የካርታ ጨዋታ አስተማረኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰው አንድ ካርታ መርጦ ያይና መሃል ይመልሳል። ሌሎቹን ከላይዋ ስመልስ የትንሿን ጣቴን ጫፍ በመካከል አስገባለሁ። ከፊት ሲያዩት ካርታው ገጥሟል፤ ከኋላ ግን ቀጭን ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ከፍዬ የላዩን ወደ ታች ሳዞር የተመረጠችው አናት ላይ ትወጣለች። ከዚያ በመዳፌ እደብቃታለሁ። ወንድሜ «ዋናው ወሬው ነው፤ እያወራሽ ዓይናቸውን ከእጅሽ አንሺ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ወሬ የለኝም። ዝም ብዬ ነው የምሠራው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ከግቢው ሴቶች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሠራሁላቸው። ጎረቤቴ ፋጡማ ቀይ ልብ ያለባትን ሰባት ቁጥር መረጠች። የስምንት ወር ልጇ ጭኗ ላይ ነበር። እጄን ወደ ሕፃኑ ሰድጄ ሰባቷን ከአንገቱ ሥር አወጣኋት።

ሴቶቹ ጮኸው ሳቁ። ፋጡማ ግን አልሳቀችም። «አቦ፣ እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። ወንድሜ ምስጢሩን ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስብሎኛል። መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ በሬ በድብደባ ሊሰበር ደረሰ። ፋጡማና ባሏ ናቸው። ልጃቸው ትኩሳቱ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ጡትም አልይዝም ብሏል።

«ልጄን ምን አደረግሽው? በልቤ የያዝኩትን ማን ነገረሽ?» ፋጡማ ጮኸች።

«ካርታ ነው» ልል ፈለግሁ። ድምፄ አልወጣም።

ባሏ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ፍቺው! ያሰርሽበትን ፍቺ!»

ግቢው በሰው ሞላ። ከኋላ አንዷ «ድሮስ መች ታወራለች! ጂኒ ነው ዝም የሚያሰኛት» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ግቢ በሕይወት የምወጣ አልመሰለኝም።

የግቢው ባለቤት አዴ መይሙና በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። «ልቀቃት! ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ካርታውን አምጪ። እዚሁ ፊቴ ሥሪው» አሉ።

መሐላዬን ተውኩት። አዴ አንድ ካርታ መርጠው መለሱ። ጣቴን አስገባሁ፤ ከፈልኩ፤ በመዳፌ ልደብቅ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ። ካርታው ሁሉ እግራቸው ሥር ተበተነ። የእሳቸው ካርታ ብቻ በላብ መዳፌ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

አዴ እጄን ገልብጠው ለሁሉም አሳዩ። «ይኸው ጂኒያችሁ! የሚያልበው ጂኒ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሁን ልጁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ!»

እስኪመለሱ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ልጁ ቢሞት ላቡንም ካርታውንም የሚያስታውስ የለም። የልጁ ሕመም ወባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው።

ፋጡማ ግን ይቅርታ አላለችኝም። ለሁለት ሳምንት ባየችኝ ቁጥር ልጇን በሻሿ ትሸፍነው ነበር። በመጨረሻ ግቢውን ልለቅ ወስኜ ዕቃዬን አሰርኩ።

አሁን ቂም የለኝም። እናት ናት፤ እኔም አልተናገርኩም። ካርታ ግን ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም፤ ፍርሃቱም ጨርሶ አልወጣልኝም።

ዕቃዬን ባሰርኩበት ጠዋት ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጣ። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ይሯሯጣሉ። ፋጡማ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። እሷ ግን ገብታ ልጁን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ያዥልኝ እስቲ፣ ውሃው ሳይሄድ ልቅዳ።»