ሳያዩ የሻሩት ጎል

አጎቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በክለብ ደረጃ ኳስ ተጫውተዋል። እኛ ሮተርዳም ያደግነው ግን የምናውቃቸው በዳኝነታቸው ነው። ፊሽካ ከነፉ በኋላ ማንም ቢጮህባቸው፣ "አይቻለሁ፣ አለቀ" ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከሮተርዳም አጠገብ ባለችው ቭላርዲንገን ከተማ በተደረገው የሐበሾች ዋንጫ ፍጻሜ፣ በደረቴ አብርጄ ያገባኋትን ጎል "በእጅ ነው" ብለው ሻሩብኝ። ተሸነፍን። ለዓመታት በየበዓሉ ብሞግታቸውም መልሳቸው ያው ነበር።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ ነገሩን እንደገና አነሳሁት።

"ጋሼ፣ እውነት እጄን ነክታ ነበር?"

"እኔ እንጃ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን ሻሩት?"

"የወንድሜ ልጅ ነሃ። ባጸድቀው ለዘመዱ አደላ ይሉኝ ነበር።"

"ለሰው አፍ ብለው እኔን በደሉኝ ማለት ነው?"

ሊመልሱልኝ ሲሉ ነርሷ ገብታ የመጠየቂያው ሰዓት ማለቁን ነገረችን።

"ነገ ና፣ እንነጋገርበታለን" አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበት ባዶውን ጠበቀኝ። ሰዎች "ነፍሳቸውን ይማር" ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ክርክሩን ከማን ጋር ልጨርሰው?