የጋሼ ሙዐዊያ ሰላምታ

ጋሼ ሙዐዊያ ሰላምታ ሲጀምሩ ምሳውን በልቶ የመጣ ሰው ይርበዋል። ሐሜት አይምሰላችሁ፤ እኔ ብርቱካን፣ ሸዋ ሮቢት የእንስሳት ክሊኒክ አብሬያቸው ስለምሠራ ፊት ለፊትም ብያቸዋለሁ። ገበሬው የታመመ በሬውን እየጎተተ ሲመጣ እሳቸው መጀመሪያ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን፣ የማሾ ሰብሉን ይጠይቃሉ። በሬው ቆሞ ይጠብቃል። እኔ መርፌ ይዤ እበግናለሁ።

ስልክ ላይም ያው ናቸው። ከየአገሩ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማማሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ፤ እጄን በቆረጠው! ሌላው ጥያቄውን ባጭሩ ጽፎ ይወጣል፤ እሳቸው የድምፅ መልእክት ይልካሉ፣ ግማሹ ዱዓ ነው። መማር ግን አይሰለቻቸውም። ጡረታቸው ደርሶ እንኳ አዲስ ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል።

ዘንድሮ ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን የእትዬ ጌጤ ላም ታመመች። እትዬ ጌጤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንዲት ላም ወተት ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ የዚሁ የቀወት ወረዳ ሴት ናቸው። ላሟ ቦቃ ትባላለች። ሽንቷ ደም መሰለ፣ ድዷ ነጣ። መዥገር ያመጣው በሽታ ነው ብለን ወጋናት፤ ጭራሽ መቆም አቃታት። እትዬ ጌጤ ክሊኒኩ ደጃፍ ቁጭ አሉና «ቦቃ ከሞተች እኔስ በምን ልኖር ነው?» አሉ።

ደግነቱ በዚያው ቀን ከሰዓት ግሩፑ በኢንተርኔት ስብሰባ ነበረው። ለአንድ ጠያቂ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ሙቀቱ ስልኬን እያጋለ እንዳያጠፋብኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩላቸውና፣ ጋሼ በአላህ፣ ዛሬ እንኳ በቀጥታ ወደ ላሟ ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉ።

ማይኩ ሲከፈት «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያዩትን ስም ሁሉ እያነበቡ አንድ በአንድ ሰላም ይሉ ገቡ። ሰብሳቢው ሰዓት እየሄደ ነው ቢላቸው፣ እሱንም እንዴት ነህ ልጄ አሉት። በንዴት እንባዬ መጣ።

ሐረገወይን የምትባል የመቂ ሐኪም ጋ ደረሱ። ቤተሰቧን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ፣ ሽንኩርትስ ዘንድሮ እንዴት ያዛችሁ አሉ። ሌላ ሰው ደህና ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ሆድ ብሷት ኖሮ እውነቱን ተናገረች።

«ምን ሽንኩርት አለ ጋሼ? ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው ለላም ሰጠው፣ ላሞቹ ደም ይሸኑ ጀመር። ሽንኩርቱን አስጥለን ነው ያተረፍናቸው።»

ጋሼ ሙዐዊያ ሰላምታቸውን እዚያው ላይ አቋረጡ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ሰላምታ አቋርጠው አያውቁም። ሐረገወይን የላሞቹ ትንፋሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል ብላ ጨመረች። በዚያ ሰሞን እኛ አገር ሰዉም ባጃጁም ሽንኩርት ሽንኩርት ነው የሚለው፤ የላሟን ትንፋሽ ማን ይለየዋል? ስልኩን እኔው ላይ ጥለው ወጡ፣ ተከተልኳቸው።

እትዬ ጌጤ ጓሮ የሽንኩርት ክምር ተቆልሏል። ገዢ አጥቶ የተጣለውን ለቅመው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። መኖ ተወዶ ነው፣ ለሷው ብዬ ነው እያሉ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ክምሩን አነሳን፣ ቦቃን ጥላ ውስጥ አስገባን፣ ጭድና ውኃ ሰጠናት። ቶሎ አልዳነችም፤ ግን ዳነች።

ትናንት እትዬ ጌጤ እርጎ ይዘው መጡ። ጋሼ ሙዐዊያ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው። ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ጎረቤቱን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን፣ ማሾውን፣ የአጥሩን ቁልቋል ሳይቀር ጠየቅኩ። እትዬ ጌጤ ግራ ገብቷቸው ግንባሬን ዳሰሱኝ።

«ብርቱካን፣ አሞሻል እንዴ?»

ጋሼ ሙዐዊያ ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር፤ ቦቃን አልጠየቅኩም።