ሳፋ ውስጥ ያደሩት የዳርጌ ዓሦች

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ጥሩዬ ናት፣ የዳርጌ ሚስት። ቀይ አፈር ከተማ መኪና ስንጠብቅ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቢነግራችሁ አትመኑ። ጂንካ ውስጥ ሁለት ሰው ተጣልቶ እኔ ሳልሰማ አያድርም። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮዬ የተማረ ነው።

ዳርጌን አሁን ጣውላ መሸጫው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ነው የምታዩት። ያኔ ግን ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከቀይ አፈር ወዲያ፣ ቆላው ላይ ባለች አንዲት ወንዝ ነው ልጆቹን ያሳደገው። ዓሣውን በጭስ አድርቆ፣ አህያ ላይ ጭኖ ገበያ ያወጣል። እኔ ስበላው አጥንቱን አልተፋም ነበር። ጥርሴ ያኔ ብረት ነው፤ የፍየል ጉልበት እንደ ቆሎ ነበር የምቆረጥመው። ተዉት እሱን።

ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቆየት ብሎ ከወንዟ በላይ የጥጥ እርሻ መጣ። የመርጫ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል ወንዝ ውስጥ ያጥባሉ። ወዲያው ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ መንሳፈፍ ጀመረ። ዳርጌ ሄዶ ቢጮህ የእርሻው አለቃ፣ "ዓሣህ አርጅቶ ሞተ፣ እኔ ልቅበርልህ?" አለው።

ታዲያ ሩሐማ የምትባል ተመራማሪ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ፀሐዩ ያጠቆራት። ሁለት ሳፋ አስቀመጠች።

"ጋሼ ዳርጌ፣ ይሄ የምንጭ ውሃ ነው፤ ያኛው ከእርሻው በታች የተቀዳ። ሁለቱም ውስጥ ዓሣ እናሳድራለን። የምንጩ ኖሮ የወንዙ ከሞተ፣ በርሜሉን እንዳያጥቡ አስከለክላለሁ። የምንጩም ከሞተ ግን አፌን መክፈት አልችልም። ከእርሻው በላይ ካለው ውሃ፣ ምንም ያልተጎዳ ዓሣ ያምጡልኝ።"

"ዓሣ መያዝ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?" አላት።

እንዴት ያዘው? አባቱ እንዳስተማረው ነዋ። ከካኮ ገበያ የመጣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ በተነ። ብርብራ ዓሣን ያሰክረዋል። ሲንሳፈፍ በእጅ ትለቅመዋለህ፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስትከተው ነቅቶ ይዋኛል። መንጠቆ አፉን ይቀድዳል፣ መረብ ቅርፊቱን ይልጣል፤ ብርብራ ግን ጭረት አይተውም። እንዳይጎዳ ብሎ እኮ ነው! እኔ ራሴ ሃና መንገድ ላይ አንድ አዞ በገመድ ጎትቻለሁ፤ የሱ ወሬ ግን ረጅም ነው።

ዓሦቹ ሳፋው ውስጥ ሲዋኙ ልጅቷ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ሳፋ ነጭ ሆድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የምንጩም፣ የወንዙም።

"ጋሼ፣ በምን ነው የያዟቸው?"

"በብርብራ ነዋ።"

መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። "ብርብራ እኮ መርዝ ነው።"

"እኛ በሱ የያዝነውን ስንበላ ኖረናል፣ ልጄ። ሰው አይገድልም።"

"ዓሣ ይገድላል።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። በመረብ ይዘን እንድገመው አለች፤ ዝናቡ ቀደማቸው፣ ወንዙ ሞልቶ ሁሉን ጠርጎ ወረደ። በሚመጣው ዓመት ርጭት ሲጀመር እመጣለሁ ብላ ሄደች። በጀት የለም ብለዋት ነው መሰለኝ፣ በዚያው ቀረች።

የእርሻው አለቃ ይሄን ሰምቶ ቀበሌ ሮጠ። "ዓሣ ጨራሹ ተገኘ! መርዘኛው ዳርጌ ነው!"

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዳርጌ፣ "ብርብራ ከአያቴ ጀምሮ አለ፤ ዓሣው ያለቀው በርሜል ከመጣ ነው" አለ።

"የምንጩ ውሃ ውስጥ የነበሩትን ማን ገደላቸው ታዲያ?" አለው አለቃው።

ጥሩዬ ከኋላ ሆና ባሏን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል" አለችው።

"እኔ ነኝ" አለ ዳርጌ። ጴንጤ ነው፣ ውሸት አይወጣለትም። እኔ ብሆን አለቃውን አፉን አስይዤ ራሱን አስቀጣው ነበር፤ ግን አልጠሩኝም።

ጊደር እንዲክስ ተፈረደበት። የነበረችው አንዲት ናት፣ ያውም የመጀመሪያዋን ያረገዘች። ዳርጌ ጊደሯን በገመድ እየሳበ መጥቶ፣ ስትወልድ ጥጃው እንኳን እንዲቀርለት ለመነ። እንቢ አሉት፤ ገመዱን ለቀቀላቸው።