ለሁለቱም መልስ ያለው ትምህርት

በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ መሬታችን ተነሥቼ ተናገርኩ፤ በማግስቱ መናኸሪያ በር ላይ ፖሊሶች ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል ሽንትና እርጥብ ስሚንቶ ይሸታል። መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው ስመላለስ የሰው እግር ረገጥኩ።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! እኛንም አዞሩን» አለኝ አንድ ባጃጅ ነጂ።

እግሩን የረገጥኩት ሰው ግን ቦታ ለቀቀልኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ተማሪ አነሣሥተሃል ብለው ነው ያመጡት። የሚያስተምረው የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦና የሚባል ነገር ነው። የሰው ጠባይ ከጥንት አባቶቻችን ኑሮ የተረፈ ነው ይላል። ያኔ ውሸታም ከታወቀበት ወገኑ ያገልለው ነበር፤ ስማችን እንዳይጠፋ የምንፈራው ለዚህ ነው አለኝ።

«ትኋኑስ መምህር፣ ከየትኛው አባታችን ተረፈ?» አለ ባጃጅ ነጂው። ሳቅን።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። «ማን አየ? አንተ ነበርክ?»

«አልነበርኩም አባባ። አንዳንዱን ዛሬ ባለው ሰው ላይ ፈትነን እናያለን። አንዳንዱ ግምት ነው።»

ከሰዓት መርማሪው ጠራኝ። ሁለታችን ብቻ ነን።

«መምህሩ እዚህም ሲቀሰቅስ ሰማሁ ይበሉ፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ። ማንም አያውቅም።»

የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። ሚስቴ ታማ ታቦር ሠፈር ቤታችን ብቻዋን ተኝታለች። በእኛ በሲዳማ ሽማግሌ ያልሰማውን ሰማሁ አይልም፤ ሃላሌ እንለዋለን፣ እውነት ማለት ነው። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።

ተመልሼ ለመምህሩ ነገርኩት። «ማንም አያውቅብኝም ነበር። ስሜም አይጠፋም ነበር። ታዲያ ትምህርትህ ምን ይላል?»



«ሰው መሀል የኖረ ልብ ብቻውን ሲሆንም ሰው የሚያየው ይመስለዋል ልል እችላለሁ» አለ። «ግን ቢፈርሙም ኖሮ፣ ለሚስቱ አደላ፤ ይህም ከጥንት የተረፈ ነው እል ነበር። ለሁለቱም መልስ ካለኝ፣ እርስዎን ገና አላወቅኩም ማለት ነው።»

በማግስቱ መርማሪው ደግሞ ጠራኝ። ወንበር አሳየኝ፤ አልተቀመጥኩም። «ያው ነው፤ አልሰማሁም» አልኩት ቆሜ።

በኋላ ሳልፈርም ስፈታ ሚስቴን በሕይወት አገኘኋት። ብትሞትብኝስ ኖሮ? ይህ ሐሳብ ዛሬም አላስቀምጥ ይለኛል። ለምን እምቢ አልክ ሲሉኝ ሃላሌ ነው እላለሁ። ሃላሌን ማን ልባችን ውስጥ አስገባው ቢሉኝ ግን አላውቅም። መምህሩ ፈትኖ ይድረስበት፤ እሱ አላወቅኩም ማለት የሚችል ሰው ነው።