ሰባት ቤት ለመቁጠር እስከ ዛሪማ

ማክሰኞ፣ ቁስቋም፤ ሊነጋጋ ሲል

አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ቦርሳዬንና የስንቁን አገልግል ይዤ ከኋላ፣ ከጎንደሯ ቁስቋም ቁልቁል ወረድን። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከደብሩ የማኅሌቱ ድምፅ ይሰማል፤ አባቴ ከዚያ መቅረታቸው ቆጭቷቸው ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩ።

ጉዳዩን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነገር ማንዛዛት አልወድም። ላገባ ነው። ሰውየው ታከለ ይባላል፤ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፣ እሱ ሒሳብ እኔ አማርኛ። የዛሪማ ልጅ ነው። ድሮ ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ከአባት ይጨርሳል፣ ልጅቷ የምትሰማው ጠላው ሲጠመቅ ነው። እኔ ግን ራሴ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። እናቴ "ጉድ ፈላ!" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ግን "ሰውየውን አልጠላሁትም። ቤት ሳይቆጠር ግን ልጄን አልሰጥም" አሉ።

ቤት መቁጠር ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጋቡ የታሰቡት ሰዎች ዘመዳሞች እንዳይሆኑ የሁለቱም ዘር በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ። ድሮ ሰው የሚጋባው ከወንዝ ማዶ ስለነበር ቆጣሪ ከደጅ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዱ ከወገራ፣ አንዱ ከአይከል፣ አንዱ ከየት እንደሆነ እንጃ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ጎረቤቱን እንጂ ቅድመ አያቱን አያውቅም። እኔና ታከለ የተዋወቅነው በጠመኔ ስንሻማ ነው። ማን ይቆጥርልን?

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ይህ የሽማግሌ ነገር ነው" ብለውኝ ነበር አባቴ።

"የኔ ጉዳይ ሲቆረጥ እኔ ጎንደር ቁጭ ብዬ አልጠብቅም" አልኳቸው። ከዳይሬክተራችን ፈቃድ ለምኜ ይኸው መንገድ ላይ ነኝ። ታከለን ግን "አንተ ተማሪዎቼን ጠብቅ" ብዬ ትቼው መጣሁ።

ዳባት፤ ረፋድ ላይ

የተሳፈርንበት መኪና ስኳርና አቡጀዲ የጫነ ካሚዮን ነው። ሾፌሩ ሳቂታ ሰው ነው፤ አባቴን ሲያይ ወርዶ መስቀል ተሳለመና "የኔታ፣ ጋቢና ይግቡ። ከካህን ሒሳብ አልቀበልም፤ ሊማሊሞን ብቻ በጸሎት ያሻግሩኝ" አለ። የኔን ሒሳብ ግን ተቀብሏል።

አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። የወገራ ገብስ ደርሷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አጫጆች ጎንበስ ብለው ይዘፍናሉ። ሴቶች በአህያ እንጨት ጭነው ወደ ገበያ ይነዳሉ፤ ጥሩምባ ሲሰሙ አህያውም ሴቶቹም ወደ ቦይ ይገባሉ። ዳባት ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ቆመ። እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦ በላን፤ በርበሬው አስለቀሰኝ። አባቴ ግን ከጋቢና አልወርድም አሉ።

"አባዬ፣ ትውልድዎ እዚህ አካባቢ አይደለም እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ ምነው እግርዎን እንኳ ቢያፍታቱ?"

በመስኮት ወደ ዳገቱ እያዩ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ከቤት ጠፍተው ወደ ተማሪ ቤት ሄዱ። ጎጃም ወርደው፣ ቅኔ ቆጥረው፣ ስማቸው በክርስትና ስም ተተክቶ፣ ዓመታት አልፈው ጎንደር ሲገቡ ጠላት አገሩን ይዞት ነበር። መንደራቸው ከዳባት በላይ ነው፤ ጣልያን አቃጠለው፣ የተረፈ የለም ብለው ሰዎች ነገሯቸው።

"አመድ ለማየት አልወርድም" አሉና መስኮቱን ዘጉት። ሃያ አራት ዓመት ስኖር ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሊማሊሞ፤ ከቀትር በኋላ

ደባርቅን እንዳለፍን መሬቱ አለቀ። ከፊታችን ገደል፣ ከገደሉ በታች ሌላ ገደል፣ ከዚያም ወዲያ ሰማያዊ ተራራ በተራራ ላይ። መንገዱን የሠራው ያው ጣልያን ነው፤ መንደር ሲያቃጥል መንገድም ይሠራ ነበር። ሾፌሩ በየኩርባው "የኔታ፣ ይጀምሩ!" ይላል፤ አባቴ ውዳሴ ማርያም ይጀምራሉ። ኩርባው ሲያልፍ ሾፌሩ ወሬውን፣ አባቴ ዝምታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ ዛሪማ

ዛሪማ ሙቀት ነው። ካፖርቴን አውልቄ ጠቅልዬ ተቀመጥኩበት። የታከለ አባት አያ ጫኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ሰው ናቸው። ጾም ስለነበር በሽሮና በተልባ ጋበዙን። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው "ሸጋ ናት፤ ግን ትናገራለች አሉ" አሉ።

"እናገራለሁ" አልኳቸው።

ሳቁ። ከዋርካው ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና ቆጠራው ተጀመረ። አያ ጫኔ በብትራቸው መሬቱን ነካ እያደረጉ ሴቱንም ወንዱንም ሳያስቀሩ ወደ ላይ ወጡ። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ "እመት ትጓደድ፤ እሷ ከወገራ ተድራ የወረደች ናት" አሉ። ወገራ ሲሉ ጆሮዬን አቆምኩ። ዳባትም ወገራ ነውና አባቴም የወገራ ሰው ናቸው።

ተራው የአባቴ ሆነ። የእናቴን ወገን ከእሷ ተቀብለው መጥተው ነበርና ቶሎ ዘለቁት፤ ከታከለ ወገን የሚገናኝ የለም። ወደ ራሳቸው ወገን ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ ማኅሌት በለመደ ድምፅ ቀጠሉ። "እኔ ተክለ ማርያም ከመምህር ዘወልድ፤ መምህር ዘወልድ ከመምህር ሀብተ ጊዮርጊስ፤ መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ ከ…" እያሉ እስከ ዘጠኝ ወጡ፤ አንድም አልተደናቀፉ።

አያ ጫኔ አባቴ እስኪጨርሱ ጠበቁና ቀስ ብለው ጠየቁ። "የኔታ፣ ሸጋ ነው። ግን እነዚህ የወለዱዎት ናቸው ወይስ ያስተማሩዎት?"

"ያስተማሩኝ ናቸው" አሉ አባቴ። እኔ አልተደነቅሁም፤ የደብራችን ካህናት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ልጅ ሆነው ከቤት ይወጣሉ፣ መምህሩ አባት ይሆናል፣ ማን ከማን ተማረ የሚለውን እንደ ዳዊት ይዘልቁታል። የሥጋውን የሚጠይቃቸው የለም። አባቴም "አባቴ ይመር፤ ይመር የደስታ ልጅ ነው…" ብለው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ አላወቁም። የእናታቸውን እናት ስም እንኳ አላወቁም። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

"ምን ላድርግ የኔታ?" አሉ አያ ጫኔ። "ልጅዎ ዓይኔን ሞልታዋለች። ግን ትጓደድም የወገራ ሰው ናት። ሳላውቅ እህትና ወንድም ድሬ እግዜር ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ? ቆጣሪ ካልተገኘ ይቅር።"

ይቅር! አንድ ቃል ናት። ታከለ ጎንደር ላይ ተማሪዎቼን እየጠበቀ እዚህ ተፋታን ማለት ነው።

"አይቀርም" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። "ነገ ዳባት እንውጣና እንጠይቅ። አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። አያ ጫኔ፣ እርስዎም ይምጡና በገዛ ጆሮዎ ይስሙ።"

"አመድ ነው አልኩሽ እኮ" አሉ አባቴ።

"አመድም ቢሆን አይተነው እንመለስ፣ አባዬ።"

ሐሙስ፣ እንደገና ዳባት

ያው ሾፌር ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ አሳፈረን። አያ ጫኔ መኪና ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሊማሊሞን ስንወጣ በአንድ እጃቸው የበሩን መያዣ፣ በሌላው የአባቴን ጋቢ ጨምድደው ይዘው ነበር። "ልጄን ሳልድር እዚህ ልሙት?" እያሉ አሳቁን።

ገበያው ዳር አንድ ማር ሻጭ ሽማግሌ ጠየቅሁ። "የይመር ዘር የተረፈ ሰው ይኖራል?"

"ይኖራል ወይ? እመት አንጓች አለች እንጂ! ያኔ ዋሻ ገብታ የተረፈችው፤ የይመር ልጅ።"

አባቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "እህቴ ናት" አሉ። "ታላቄ።" ከዚያ ዳገቱን ሽቅብ ስንወጣ ማንም አልደረሰባቸውም። ደጁ ላይ ሲደርሱ ግን ወኔያቸው ከዳቸው፤ እጄን ይዘው "ማን እንደሆንኩ እንዳትናገሪ" አሉኝ።

እመት አንጓች አጭር፣ ደንዳና፣ ዓይነ ንቁ ሴት ናት። የእንግዳ ካህን መሰሏት መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ጠላ ቀዳች። አያ ጫኔ ነገሩን ጀመሩላት። "እመት፣ ለጋብቻ ጉዳይ ነው። የይመርን ቤት በእናትም በአባትም ቁጠሪልን።"

"ምነው፣ ከኛ የቀረ ሰው አለ እንዴ የሚጋባ?" አለችና ተደላድላ ተቀመጠች። ከላይ ከሰባተኛው ቤት ጀምራ ወረደች፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛዋ የት እንደተዳረች፣ ማን በምን እንደሞተ። አያ ጫኔ ብትራቸውን መሬት ላይ ነካ ያደርጋሉ። "ደስታ ይመርን ወለደ። ይመር እኔንና ቢያድግልኝን ወለደ። ቢያድግልኝ ታናሼ ነው፤ ወደ ተማሪ ቤት ጠፍቶ ሄደና ቀረ። ጠብቄ ጠብቄ ተስፋ ስቆርጥ ተዝካሩን አወጣሁለት። በሬ ጥዬ።"

ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰው ተዝካር ሲያወጡ የኖሩት አባቴ ጠላቸውን አስቀመጡ።

"አንጓች" አሉ፣ "በገዛ ተዝካሬ እኔን ሳትጠሪኝ?"

ቀና ብላ አየቻቸው። አላመነችም። "ቢያድግልኝ ከሆንህ" አለች ቀስ ብላ፣ "የጠፋህ ሌሊት የማንን ደበሎ ለብሰህ ሄድህ?"

"ያንቺን።"

ተነሥታ በመዳፏ ትከሻቸውን አንድ ጊዜ መታች። ደጋገመች። "ያን ክረምት ሙሉ በብርድ ገደልኸኝ እኮ፣ አንተ ሌባ!" እያለች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ሳይቀር አለቀሰ፤ እሱን ማን እንደጠራው እንጃ።

አያ ጫኔ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሳል አሉ። "የመጣሁበትን ግን ሳልጨርስ አልሄድም። ትጓደድ የምትባል፣ ወደ ቆላ የተዳረች ከወገናችሁ አለች?"

"ከኛ ወገን ቆላ የወረደች ሴት የለችም" አለች አክስቴ። "ብትኖር ማር ትልክልን ነበር፤ አንድ ቀን የቆላ ማር ቀምሼ አላውቅም።"

"እንግዲያስ ነጻ ነው!" አሉና ብትራቸውን ጣሉት።

አክስቴ ግን አልጨረሰችም። እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ማንም አላቋረጣትም። "…ይመር እኔንና ቢያድግልኝን ወለደ። ቢያድግልኝ…" ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?"

"ስንዱ።"

"ቢያድግልኝ ስንዱን ወለደ።" ለሥራ መዝገብ፣ ለደመወዝ፣ ለምኑም ስሜን ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ዓርብ፣ ቁስቋም፤ ወደ ማታ

አያ ጫኔ ወደ ዛሪማ በእግሬ ነው የምመለሰው አሉ፤ ሊማሊሞን በመኪና ዳግመኛ አልሞክረውም ብለው። አክስቴ ግን ጋቢና ገባች፤ በአባቴና በእኔ መካከል ተቀምጣ ሾፌሩን እስከ ጎንደር ድረስ "ቀስ በል!" ስትለው መጣች።

እናቴና ታከለ በር ላይ ቆመው ነበር። ታከለ የጠመኔ ብናኝ እጅጌው ላይ አለ፤ ከክፍል በቀጥታ ሮጦ መምጣቱ ነው። እናቴ ሰላምታም አላስቀደመች፤ "ምን ተባለ?" አለች።

አባቴ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። አክስቴ ቀደመቻቸው።

"ቤቱ ነጻ ነው" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ድግሱን ግን ጨምሪበት። እኛም አለን።"