አጥቤ ያጠፋኋቸው ነጥቦች

ያን ዕለት ፍኖተ ሰላም፣ በዚያ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ልጄ፣ የመሰርሰሪያ ማሽኑ ባለቤትና በር ላይ በርጩማ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ አባቱ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የኋላውን በሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለዚህ የምትማረውን ስትነግረኝ ደጋግሜ እጠይቃታለሁ። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የካርቦን ክር አለ አለችኝ፤ ናኖቲዩብ ይሉታል። በዓይን አይታይም። ከሙጫ ጋር ደባልቀው ሲያደርቁት ጥቁር፣ ቀላልና ጠንካራ ነገር ይሆናል። የእሷ ጥናት ይህ ነገር ሲበሳና ሲቆረጥ እንዴት እንደሚሆን ነው።

"ከውጭ ስታዪው ሁሉም አንድ ነው፣ እማዬ" አለችኝ። "የሚለየው ውስጡ ነው። ክሩ እኩል የተዳረሰበት አለ፤ አንድ ቦታ የተቋጠረበት አለ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛበትም አለ። መሰርሰሪያው ሲገባበት የእያንዳንዱ ጠባይ ሌላ ነው።"

ይህስ ገባኝ። ቤት ስንመርግ ጭዱ ከጭቃው ጋር በደንብ ካልተረገጠ ግድግዳው ደርቆ ሲታይ ያምራል። መስኮት ለማውጣት ሲቆርጡት ግን ጭዱ የተቋጠረበት ቦታ እየተናደ ይወርዳል። እንዲህ ስላት ሳቀች፤ "መምህሬም እንዲህ አላስረዳኝም" አለች።

የትምህርት ቤቱ ማሽን ተበላሽቶ መምህሯ ሌላ ቦታ አስበሺው ስላላት፣ መዳፍ የሚያህሉ ዘጠኝ ቁራጮች ይዛ መጣች። ሐሙስ አስበስታ ዓርብ ማለዳ መሳፈር፣ ሰኞ ደግሞ ውጤቱን ማስረከብ ነበረባት። ካለፈ ዓመቷ ይቃጠላል።

በእኛ ዘንድ ሰው እጅ የሚገባ ዕቃ ሳይጸዳ አይሄድም። ማረሻ እንኳ ወደ ሠሪው የሚወሰደው አፈሩ ተጠርጎ ነው። ሐሙስ ጠዋት ልጄ ልብስ ስትቀይር ቁራጮቹን ፈትቼ አየኋቸው። ጥግ ጥጋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሦስት ያለበትም አለ። ኖራ የተረጨባቸው መሰለኝ። በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ በአመድ ፈትጌ አጠብኳቸው፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄም መልሼ ጠቀለልኳቸው። ለእሷ አልነገርኳት። ምን የሚነገር ነገር አለው?

የብረት ሥራ ቤቱ ደርሰን ስትፈታቸው ፊቷ ተለወጠ።

"እማዬ፣ ነጥቦቹስ?"

"የምን ነጥብ?"

"ነጩ! የቱ የቱ እንደሆነ የምለይበት!"

"አጠብኩት" አልኳት።

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ሆነው "ይህን ጥቁር አጥበሽ ልታነጪው ኖሯል?" ብለው ሳቁ።

"አባባ፣ ይተዉ እንጂ!" አለ ልጃቸው።

"ምን አልኩ? እኔ ጋቢዬን የሚያጥብልኝ አጥቼ!"

ልጄ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠኙን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ እያገላበጠች ታያቸዋለች። ሁሉም አንድ ናቸው።

"እትዬ፣ አይጨነቁ" አለኝ ባለማሽኑ። "በየቁራጩ ጥግ ላይ አንዳንድ ትንሽ ቀዳዳ እንሞክር። ውስጡን እጄ ይነግረኛል።"

ፑንታ የሚሉትን የመሰርሰሪያ ጫፍ አዲስ አስገባ። ልጄ ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል ብላ አፍና አፍንጫችንን አሸፈነችን። እኔ ነጠላዬን ደርቤ አሰርኩ፤ የእሷንም ፈትቼ አጥብቄ አሰርኩላት።

የመጀመሪያው ሲበሳ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር፤ የቀዳዳው አፍም ለስላሳ ሆነ። "የተዳረሰው ነው" አለች። ሁለተኛው ላይ መሃል ሲደርስ ማሽኑ አጉረመረመ፣ እጀታውም የሰውየውን እጅ ገፋው። የቀዳዳው ዙሪያ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሸራርፎ ወጣ። የተቋጠረው እሱ ነበር። ሦስተኛው በአንድ ወገን ጥርት ብሎ ተቆረጠ፤ በሌላው ወገን ግን ጠርዙ ተተለተለ። ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛበት ነው ብላ ወዲያው ነጥቡን በሚስማር ጫረችበት።

"የማይታይ ነገር እጅን እንዲህ ይገፋል?" እያለ ሰውየው ይገረማል።

አራተኛውን እንደጨረሰ መብራት ጠፋ። እስከ ምሽት ጠበቅን፤ አልመጣም። ልጄ በየመሃሉ ስልኳን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። በመጨረሻ "ነገ እንመለስ" አለችና ተነሣን።

ዓርብ መብራቱ ሲመጣ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። የቀሩትን አምስት ለዩ፤ ከዚያ ዋናውን ሥራ ጀመሩ። ሲጨርሱ መሽቷል። "ተሳካ፣ እማዬ" ብላ አቀፈችኝ። እኔም አምላኬን አመሰገንኩ። ዓርብ ማለዳ የወጣው፣ እሷ ልትሳፈርበት የነበረው አውቶቡስ በሰላም አዲስ አበባ መድረሱን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ቅዳሜ በጠዋት ተሳፈረች። ከደምበጫ ደወለች። "መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፤ ወርደናል። ከአንዲት ተማሪ ጋር ነኝ፣ አታስቢ" አለች። ተጨማሪ ልጠይቃት ስል ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ጎረቤቶቼ ኔትወርክ ነው ይሉኛል። ይሆናል እላለሁ፤ ግን እህል አይወርድልኝም። ደምበጫ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ያደሩበትን የሚያውቅ አላገኘሁም። ባለማሽኑም ለሚያውቃቸው ሾፌሮች ሁሉ ነግሮልኛል።

ልጄ ቀጭን ናት፣ ጠይም፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ያን ቅዳሜ ደምበጫ ላይ ከአውቶቡስ ከወረዱት መካከል ያያት፣ ወይም የት እንደተጠጋች የሰማ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።